እንግዳው የጠጣው በረዶ

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ እኔም ከሥሩ እጀምርላችኋለሁ። መሃል ላይ እየገባ "ከዚያስ? ከዚያስ?" የሚለኝን ሰው ግን አልወድም፤ ነገሩ ራሱ ይደርሳል።

በ1975 ዓመተ ምሕረት እኛ ሐይቅ የምንማርበት ትምህርት ቤት ከአስረኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ከዚያ በላይ ልማር ያለ ስንቁን ተሸክሞ ደሴ ይሄዳል፣ ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። ወንዶቹ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። እኔን ግን አባቴ አያ ኑርዬ "ደሴ የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳልሰማ" ብሎኛል። አያ ኑርዬ አንዴ ካለ ደግሞ አለ ነው፤ ሐይቅ ገበያ ላይ በእሱ ዋጋ የሚከራከር የለም።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስናደድበት አብራችሁ እንዳትፈርዱበት ነው። የእህቱ ልጅ እንድሪስ ደሴ ይማር ነበር፤ በእጁ ይዞ ወስዶ ያስመዘገበውም አባቴ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ በክፉ ጊዜ፣ እንድሪስ ደብተሩን ይዞ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። አክስቴ አንድም ቀን አባቴን ወቅሳው አታውቅም፤ እሱ ግን ራሱን ሲወቅስ ኖረ። ከዚያ ወዲህ ደሴን ረግጦ አያውቅም። ለሱቁ ዕቃ ሲጎድለው እንኳ ሰው ይልካል።

ብቻ አንድ ቃል ሰጥቶኝ ነበር። "ሐይቅ ላይ አስራ አንደኛ ክፍል ከተከፈተ፣ ወላሂ ትማሪያለሽ። ካልተከፈተ የባቲዎቹን ሽማግሎች እቀበላለሁ" አለኝ። የባቲዎቹ ጨው ነጋዴዎች ናቸው፤ ለልጃቸው ጠይቀውኛል። ልጁን አይቼው አላውቅም። እናቴ ፈዲላ "ደግ ልጅ ነው ይላሉ፣ አብሽሪ" ትለኛለች። ደግ ይሁን! ደግነቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ የፈለግሁት መማር ነው።

የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር ውበቱ ይባላል። የአምባሰል ልጅ ነው፣ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። ሲጨንቀው አምባሰልን በአፍንጫው ያንጎራጉራል፤ የፈተና ወረቀት ሲያርም ስንቶቻችን እንደወደቅን ከዜማው እናውቅ ነበር። ያን ሰሞን ከማንጎራጎር አላረፈም፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱን አይተው አስራ አንደኛ ክፍል ይከፈት አይከፈት የሚሉ ሰው፣ ጓድ ታረቀኝ፣ ከደሴ ሊመጡ ነው። ዋናው ስጋት ላቦራቶሪ የለንም የሚለው ነበር።

"ላቦራቶሪ ቤቱ አይደለም፣ ሥራው ነው" አለን ቲቸር ውበቱ። "ባለን ዕቃ እንሠራና ይዩ። በረዶ ለመቅለጥ ስንት ሙቀት እንደሚበላ እንለካለን።"

ክፍሉ ሳቀ። ሐይቅ ላይ በረዶ ማለት በክረምት ከሰማይ ወርዶ ማሽላውን የሚያወድም ነገር ነው፤ ማን አስቀምጦት፣ ማን ለክቶት ያውቃል?

እኔ ግን ያን ነገር ካስተማረን ጀምሮ ከልቤ አልወጣልኝም ነበር። በረዶ ስታሞቂው ይቀልጣል፤ እየቀለጠ ሳለ ግን ቴርሞሜትሩ ዜሮ ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ሙቀቱ ይገባል፣ ይገባል፣ አይታይም። "የት ሄደ?" ብዬ ብጠይቀው "በረዶውን ውሃ ለማድረግ ዋለ፤ ስውር ሙቀት ይባላል" አለኝ። ያን ዕለት ቤት ስገባ እናቴ "ምን ሆነሻል? ሰው አስቀይሞሻል?" ብላኛለች፤ እንዲያ ፈዝዤ።

ሥራው እንዲህ ነው። ለብ ያለ ውሃ መዝነሽ በጣሳ ታደርጊያለሽ፣ ሙቀቱን ትለኪያለሽ። የበረዶውን ክብደት አውቀሽ እዚያ ትጨምሪያለሽ። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ውሃው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ታያለሽ። ውሃው ያጣው ሙቀት በረዶው የበላው ነው፤ ከዚያ ሒሳብ ነው። አንድ ግራም በረዶ ለመቅለጥ ሰማንያ ካሎሪ ይበላል ይላል መጽሐፉ።

ሠሪዋ እኔ እንድሆን ተመረጥኩ። ጎበዝ ስለነበርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ሚዛን ስለማውቅ ነው። የትምህርት ቤቱ ሚዛን ከተሰበረ ቆይቷል፣ የአባቴን የሱቅ ሚዛን ተዋስን። በዚያ ሚዛን ከልጅነቴ ጀምሮ ስመዝንበት ነው ያደግሁት። አባቴ በሱቁ አንድ ሕግ ነበረው፦ እርጥብ በርበሬ አይመዘንም። ባለገበያው በርበሬውን ውሃ አርከፍክፎ ክብደት አብዝቶ ሲያመጣ፣ አባቴ "አድርቀህ ና" ብሎ ይመልሰዋል። ቲቸር ውበቱ "በረዶው ላይ ያለውን ውሃ ጠርገሽ ካልመዘንሽ ሒሳቡ ይበላሻል" ሲለኝ "የአባቴ በርበሬ ነዋ!" አልኩት። ሳቀ፤ ሠሪዋን ሲመርጥ እንዳልሳተ የገባው ያኔ ይመስለኛል።

ለጣሳ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አገኘን። ሙቀት ከውጭ እንዳይገባበት በትልቅ ጣሳ ውስጥ አስቀምጠን ዙሪያውን እናቴ በሰጠችኝ ባዘቶ ጠቀጠቅነው። እናቴ ባዘቶውን ስትሰጠኝ "ለበረዶ ብርድ ልብስ!" ብላ እስኪያማት ሳቀች።

በረዶውን ቲቸር ውበቱ ራሱ ደሴ ሄዶ፣ ማቀዝቀዣ ካለው ሆቴል ለምኖ፣ በጭድና በጆንያ ጠቅልሎ በሳጥን ይዞት በማለዳ አውቶቡስ መጣ። የአውቶቡሱ ረዳት "ሳጥኑ ያለቅሳል፣ ምን አስረህበት ነው?" እያለ ሲቀልድበት መጣ አሉ። ሳጥኑን ቀዝቀዝ በሚለው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ አስቀመጥነው። አባቴ የወላጅ ኮሚቴ ስለነበር እንግዳ ተቀባይ እሱ ነው፤ እዚያው ቢሮ ተቀምጦ ሳጥኑን እንዲጠብቅም ለእሱ ተሰጠ። እኛ ክፍሉን ልናሰናዳ ሄድን።

የግንቦት ፀሐይ ናት፤ ታውቋታላችሁ። እንግዳው ዘገዩ። ለካ መኪናቸው ከከተማው ሳይደርስ ተበላሽቶ በእግራቸው እየመጡ ነው። ተማሪ ሁሉ በር በሩን ያያል፣ ቲቸር ውበቱ ያንጎራጉራል። በመጨረሻ መጥተው ቢሮ ገብተዋል ሲባል እኔ በረዶውን ላመጣ ሮጥኩ።

ስገባ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጓድ ታረቀኝ፣ አቧራ የለበሱ ረጅም ሰው፣ ወንበር ላይ ተዘርግተዋል። በእጃቸው ብርጭቆ። ጠረጴዛው ላይ ጆግ። ጆጉ ውስጥ የእኔ በረዶ ይዋኛል! ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ጭዱ ተበትኖ፣ ባዶውን አፉን ከፍቷል።

"አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳቸው ተመለሰች" አለኝ አባቴ፣ ደስ ብሎት። "ይጨምሩ እንጂ ጌታው፣ ይጨምሩ!"

ያረቢ! ወደ አባቴ ቀርቤ በሹክሹክታ "ምን አደረግህ? የትምህርቱ እኮ ነው!" አልኩት።

"አውቃለሁ፣ የትምህርቱ ነው። ሰው በፀሐይ ተቃጥሎ በእግሩ መጥቶ ከንፈሩ ደርቆ እያየሁ በረዶ ልደብቅበት? እንግዳ ነው እኮ ልጄ! ደግሞስ መቅለጡን ልታዩ አይደል? ይኸው፣ እዚህም ይቀልጣል" አለኝ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ በዚያች ደቂቃ አባቴን ጠላሁት። ሆን ብሎ ነው አልኩ በልቤ። ክፍሉ እንዳይከፈት፣ ደሴ የሚለውን ወሬ ለዘላለም እንዳይሰማ፣ ለባቲዎቹ እንዲሰጠኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። እንግዳው ብርጭቆውን ከአፋቸው አውርደው አንዴ እኔን፣ አንዴ ባዶውን ሳጥን አዩ።

"የኔ ልጅ፣ የጠጣሁት ምንድን ነው?" አሉኝ።

"አስራ አንደኛ ክፍልን ነው ጓድ" አልኳቸው። ወላሂ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

ቲቸር ውበቱ ከኋላዬ ደርሶ ነበር። ጆጉን አየ፣ ሳጥኑን አየ። ማንጎራጎሩ ቆመ። ሌላ ቀን እናሳይዎት ሊላቸው አፉን ሲከፍት እኔ ጆጉን እያየሁ ነበር። በረዶው ከግማሽ በላይ ቀልጧል፤ ግን ገና አለ።

"ቲቸር፣ የቀለጠው ቀልጧል። የቀረውን አውጥተን ብንመዝነውስ? ውሃው አሁን ያለበትን ሙቀት ከለካን ከዚህ መጀመር አንችልም?" አልኩት።

ትንሽ አሰበና "ከየትም መጀመር ይቻላል! ጆጉን ያዢ!" አለኝ። እኔ ጆጉን፣ እሱ ቴርሞሜትሩን፣ እንግዳው ብርጭቋቸውን እንደያዙ፣ አባቴ ከኋላ፣ ሁላችን እየተከታተልን ወደ ክፍል ሮጥን።

በረዶውን ጆጉ ውስጥ አስቀርተን ውሃውን ወደ ቆርቆሮው ገለበጥን፤ ውሃው ልክ አንድ ኪሎ ተኩል ሆነ። ሙቀቱ አስራ ዘጠኝ ዲግሪ። በረዶውን በማንኪያ አወጣሁት። መጥረጊያ ያልኩት ጨርቅ ግን ቢሮ ቀርቷል! በረዶው በእጄ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጊዜ የለም።

በዚህ መሃል አባቴ ከትከሻው ላይ ፎጣውን አወረደ። ለጁምዓ ብቻ የሚለብሳት፣ እናቴ ራሷ አጥባ የምታጥፋት ነጭ ፎጣ ናት። "በዚህ ጥረጊው። እርጥብ አይመዘንም" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ ተንኮል አልነበረም። የሚዛኑ ምላስ እስክትቆም እንደሚያየው ሁልጊዜ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የቆመው። ያኔ ነው የገባኝ፤ አባቴ ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ለተጠማ ሰው ውሃ ሰጠ፣ ሌላ ምንም አላሰበም። ከጠላሁት ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አፈርኩ።

በረዶውን ጠርጌ መዘንኩት፦ መቶ ሃምሳ ግራም። ጨመርኩት፣ አማሰልኩት። ሐይቁ ዳር የሚጮኹት ወፎች እንኳ ይሰሙ ነበር። በረዶው አነሰ፣ አነሰ፣ እንደ ባቄላ ሆነ፣ ጠፋ። ቴርሞሜትሩን አነበብኩ፦ አስራ አንድ።

ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ግራም ውሃ በስምንት ዲግሪ ቀዘቀዘ፤ ያጣው አስራ ሁለት ሺህ ካሎሪ። ይህን ለመቶ ሃምሳ ግራም በረዶ ባካፍለው... ሰማንያ!

ከኋላ ያሉት ልጆች ሰማንያን ሲያዩ ጮኹ። "ሰማንያ! እንደ መጽሐፉ!" ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ቲቸር ውበቱ አቅፎ ሊስመኝ ምንም አልቀረው። ጓድ ታረቀኝ ግን አላጨበጨቡም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

እኔ ጠመኔውን አልጣልኩም ነበር። አልጨረስኩማ! በረዶው ቀልጦ ውሃ ከሆነ በኋላ ያ ውሃ ራሱ ከዜሮ ተነሥቶ አስራ አንድ ዲግሪ ድረስ ሞቋል። ለዚያም ሙቀት በልቷል። ያ ደግሞ ለመቅለጥ የዋለ ስላልሆነ መቀነስ አለበት። እቀንሰዋለሁ ካልኩ ሰማንያው ይሄዳል። ዝም ካልኩ ማን ያውቃል? ልጆቹ አላወቁ፣ ቲቸር ውበቱ በደስታ ረስቶታል። አስራ አንደኛ ክፍል እዚያች ሰሌዳ ላይ ቁጭ ብሏል፤ እጄን ሰብስቤ መቀመጥ ብቻ ነው።

አባቴን አየሁት። ልጅቱ ተጨበጨበላት ብሎ እንደ ሕፃን ይስቃል። ፎጣው ከእነእርጥቡ ትከሻው ላይ ነው።

"አልጨረስኩም" አልኩ። "ከዚህ ላይ አስራ አንድ ይቀነሳል።" ቀነስኩና ጻፍኩት፦ ስልሳ ዘጠኝ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ቲቸር ውበቱ ሰሌዳውን አየ፣ ከዚያ ግንባሩን መታ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አምባሰልን ጀመረ።

"መጽሐፉ ሰማንያ ይላል። የአንቺ ለምን አነሰ?" አሉ ጓድ ታረቀኝ።

"ክፍሉ ሞቃት ነው ጓድ። ባዘቶው ሁሉንም አላቆመውም፣ ሙቀት ከውጭ ገብቷል። ቆርቆሮውም የራሱ ሙቀት ነበረው፣ እሱን አልቆጠርኩም። እኔ ያገኘሁት ግን ስልሳ ዘጠኝ ነው።"

"ሚዛኑስ?"

"ኧረ ሚዛኑን እንኳ ተዉት!" አለ አባቴ ከኋላ፣ ተቆጥቶ። "ሚዛኑ የኔ ነው!"

ጓድ ታረቀኝ ያኔ ሳቁ። ለካ ሳይንስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የምቀንሰው ነገር እንዳለ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ለካ ሲያዩኝ የነበረው እተወው እንደሆን ነው። ሲሄዱ ቲቸር ውበቱን ጨበጡት፣ እኔን ራሴን ዳበስ አደረጉኝ፤ ለአባቴ ደግሞ "አያ ኑርዬ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም" አሉት። እኛም ተከፈተልን ብለን አደርን።

አልተከፈተም። ሰኔ ሲገባ መልሱ መጣ፤ ቤትም መምህርም ስለሌለ ዘንድሮ አይሆንም፣ ወደፊት ይታያል። ሥራችንን አመስግነዋል። ምስጋና አስራ አንደኛ ክፍል አይሆን! ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ በስልሳ ዘጠኙ ምክንያት ነው ብዬም ራሴን ረገምኩ። እናቴ "አብሽሪ፣ ሳይደግስ አይጣላም" አለችኝ። እሷም ላይ ጮኽኩባት።

የባቲዎቹ ሽማግሎች ነሐሴ ላይ ሊመጡ ልከው ነበር። ከመምጣታቸው በፊት አንድ ከሰዓት አባቴ ሱቁን ያለወትሮው ቀደም ብሎ ዘግቶ ቤት ገባ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ ድምፁን ነው የምሰማው።

"ፈዲላ፣ የልጅቱን ልብስ አሰናጂ።"

እናቴ "ለባቲ ገና ነው እኮ፣ ሽማግሎቹም አልመጡ" አለችው።

"ለባቲ አይደለም። ለደሴ ነው። ለሽማግሎቹም እንዳይደክሙ ብዬ ልኬባቸዋለሁ።"

ከጓዳ ወጣሁ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል።

"አባዬ፣ ደሴ? አንተ እኮ..."

"ዝም ብለሽ ስሚ" አለኝ። "ሰው ሁሉ እያጨበጨበልሽ፣ እኔም ምንም ሳይገባኝ እየሳቅሁ፣ አንቺ አልጨረስኩም አልሽ። ትምህርቱን ልታጪ እንደምትችዪ እያወቅሽ የማይገባውን ቀነስሽ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እንዲህ ያለችውን ልጅ ይዤ ባስቀራት አላህ ምን ይለኛል? እርጥብ እየመዘንኩ እኮ ነው።" ቀጠለና "እንድሪስን ላመጣው አልችልም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የቀረውን አውጥተን እንመዝን ያልሽው አንቺ አይደለሽም?" አለኝ።

እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እናቴም አለቀሰች፤ እሱ ደግሞ "በሉ፣ በሉ! ሰው ሞተ እንዴ?" ብሎ ተቆጣን።

መስከረም ላይ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ። ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አስጫነ፣ ስንቄን ከእግሬ ሥር አኖረ። ረዳቱ ያ በቲቸር ውበቱ ሳጥን የቀለደው ነው። አባቴ "በረዶውን እንዳደረስክ ይህችንም አድርስ፣ እንዳትቀልጥብኝ" አለው። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ፣ መክሬ እወርዳለሁ ብሎ። መክሮኝ ጨረሰ። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ። ረዳቱ "ሸኚ ውረዱ! ሸኚ ውረዱ!" እያለ በሩን ደበደበ።

አባቴ አልተነሣም።

"አባዬ፣ ውረድ እንጂ፣ ሊሄድ ነው!" አልኩት።

የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። ወደ ውጭ አላየም፣ ወደ እኔም አላየም።

"ይሂድ" አለኝ። "ሱቁን እናትሽ ትከፍታለች።"